ሕሙማኑ በአንድ ዙር፣ ጤነኞቹ በሌላ ዙር፦ ሶፍትዌር የማይፈታው የአር ኤን ኤ ትንታኔ ችግር

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጥናቴ በሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ሕሙማን ደም ውስጥ የትኞቹ ጂኖች ከጤነኛ ሰው በተለየ መጠን እንደሚሠሩ ለማወቅ ነው። የ12 ሕሙማንና የ12 ጤነኞች የደም አር ኤን ኤ (የትኛው ጂን ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው ሞለኪውል) ወደ ውጭ አገር ተልኮ ተነቧል። የሕሙማኑ ናሙና ቀድሞ ሄደ፤ የጤነኞቹ ከ7 ወር በኋላ ሲላክ ቤተ ሙከራው ላይብረሪ (ለንባብ ማሽኑ የሚሰናዳ የአር ኤን ኤው ቅጂ) የሚያዘጋጅበትን ኪት ቀይሮ ነበር። በዲሴክ2 (በቡድኖች መካከል የጂን መጠን ልዩነትን በሚፈትሽ ፕሮግራም) ስተነትን ከ7,000 በላይ ጂኖች ልዩነት አሳዩ፤ በፒሲኤ (ናሙናዎች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ በሚያሳየው) ሥዕሉም ሁለቱ ቡድኖች ፍጹም ተለያይተው ይታያሉ። አማካሪዬ ውጤቱ ጠንካራ ነው ሲሉኝ አንድ ገምጋሚ ግን ባች ኢፌክት ነው አሉ። ባቹን ሞዴሉ ውስጥ ሳስገባ ፕሮግራሙ አልቀበልም ይለኛል። ኮምባትን (የባች ልዩነትን የሚያርም ፕሮግራም) ልጠቀም ወይስ የተሻለ ሶፍትዌር አለ? የምሠራው ባለ 8 ጊጋባይት ላፕቶፕ ላይ ነው።»

ገምጋሚው ትክክል ናቸው፤ ጉዳዩ እንዲያውም እሳቸው ካሉት ይከፋል። ባች ኢፌክት፣ ማለትም የሥራ ዙር ተጽእኖ፣ በየትኛውም የአር ኤን ኤ ጥናት ውስጥ በመጠኑ አለ፤ ብዙ ጊዜም በስሌት ይታረማል። በእርስዎ ጥናት ውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ዙሩና ሕመሙ አንድና ያው ሆነዋል። የታመመ ሁሉ በመጀመሪያው ዙር፣ ጤነኛ ሁሉ በሁለተኛው ዙር ተሠርቷል። ስለዚህ ኮምባትም ሆነ ሌላ ፕሮግራም ይህን አይፈታም። ይህን የምለው ፕሮግራሞቹ ደካማ ስለሆኑ አይደለም፤ ሕመሙን ከዙሩ ለመለየት የሚያስፈልገው መረጃ ከመጀመሪያውም በፋይሎችዎ ውስጥ ስለሌለ ነው። ጥናቱን ለማዳን ግን መንገድ አለ፤ ከዚህ በታች በዝርዝር እሄድበታለሁ።

ነገሩን በሚዛን ልግለጸው። የአንድ ቀበሌ ገበሬዎች ጤፋቸውን በአንድ ሚዛን፣ የሌላው ቀበሌ ገበሬዎች ደግሞ በሌላ ሚዛን መዘኑ እንበል። የመጀመሪያዎቹ ጆንያዎች በአማካይ 5 ኪሎ በልጠው ተገኙ። ይህ 5 ኪሎ የጤፉ ነው ወይስ የሚዛኑ? መዝገቡን ምንም ያህል ደጋግመን ብንመረምር መልሱን አናገኝም። ከሁለቱም ቀበሌ ጥቂት ጆንያዎች በሁለቱም ሚዛን ተመዝነው ቢሆን ኖሮ ግን የሚዛኖቹን ልዩነት አውቀን ከሌሎቹ ላይ መቀነስ በቻልን ነበር። የእርስዎ ናሙናዎች የጎደላቸው ይህ በሁለቱም ዙር ያለፈ ጥቂት ጆንያ ነው።

ዲሴክ2 ባቹንና ሕመሙን አንድ ላይ ሲያስገቡለት አልቀበልም ማለቱም ከዚህ የመጣ ነው። ሁለቱ ዓምዶች ቁጥር በቁጥር አንድ ስለሆኑ የትኛው ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ማስላት አይቻልም። ብዙ ተማሪዎች ይህን መልእክት የኮድ ስህተት አድርገው ያዩትና ባቹን ከሞዴሉ አውጥተው ይቀጥላሉ፤ ፕሮግራሙም ዝም ይላል፣ ረጅም የጂን ዝርዝርም ያወጣል። ዝምታው ግን ችግሩ ተፈታ ማለት አይደለም፤ የዙሩ ልዩነት በሙሉ በሕመሙ ስም ተመዘገበ ማለት ነው። ኮምባትን ቢሞክሩም ከሁለት አንዱ ይደርስብዎታል። የሕመሙን ዓምድ እንዲጠብቅልዎ ከነገሩት በዚያው ምክንያት ሥራውን ያቆማል፤ ካልነገሩት ደግሞ የሁለቱን ዙሮች አማካይ እኩል ስለሚያደርግ እውነተኛውን የቲቢ ምልክት ከኪቱ ልዩነት ጋር አብሮ ይጠርገዋል። ባቹን ከሞዴሉ ካወጡ 7,000 ጂን፣ የሕመሙን ዓምድ ሳይነግሩት በኮምባት ካጸዱ ምንም ጂን ያገኛሉ፤ ሁለቱም ስለ ቲቢ አንዳች ነገር አይናገሩም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ ማረም ያስፈልጋል፤ «ዳታው ኖርማላይዝ ስለተደረገ የኪቱ ልዩነት ተስተካክሏል» የሚለውን። ኖርማላይዜሽን የሚያስተካክለው በዋናነት ከእያንዳንዱ ናሙና ስንት ሪድ (ማሽኑ የሚያነበው አጭር ቁራጭ) እንደተነበበ ነው፤ አንዱ 20 ሚሊዮን ሌላው 35 ሚሊዮን ሪድ ቢኖረው ሁለቱን ለንጽጽር ያመቻቻል። የኪት ልዩነት ግን ሁሉንም ጂን በእኩል አያባዛም፤ አንዱን ጂን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ያደርጋል፤ ይህም በጂኑ ርዝመት፣ በጂሲ መጠኑ (በውስጡ ባሉት የጂና የሲ ፊደላት ድርሻ)ና በአር ኤን ኤው የመሰባበር ደረጃ ይወሰናል። ለምሳሌ አንዱ ኪት የፖሊ ኤ ጭራ (በመጨረሻው ላይ የተደረደሩ የኤ ፊደላት) ያለውን አር ኤን ኤ ብቻ የሚይዝ፣ ሌላው ደግሞ ራይቦሶማል አር ኤን ኤን (በሕዋስ ውስጥ እጅግ የሚበዛውን ዓይነት) አስወግዶ የቀረውን ሁሉ የሚያነብ ከሆነ፣ በሁለተኛው ዘዴ ገና ያልተስተካከለ አር ኤን ኤ ስለሚነበብ ከኢንትሮን (ኋላ ተቆርጦ ከሚወጣው የጂን ክፍል) የሚመጣው ሪድ ይበዛል፤ አብዛኛዎቹ የሂስቶን (ዲ ኤን ኤ የሚጠቀለልባቸው ፕሮቲኖች) ጂኖችም የፖሊ ኤ ጭራ ስለሌላቸው በመጀመሪያው ዘዴ ጠፍተው በሁለተኛው ብቅ ይላሉ። ከ7,000ዎቹ ጂኖች አናት ላይ ያሉትን እስኪ ይመልከቱ። የሂስቶን ጂኖች ተሰልፈው ካገኙ የሚያዩት የኪቱን አሻራ ነው። በደም ላይ ደግሞ የግሎቢን ጉዳይ አለ። ከሙሉ ደም የወጣ አር ኤን ኤ ግሎቢን ካልተወገደለት ከሚነበቡት ሪዶች ከግማሽ በላዩን የሂሞግሎቢን ጂኖች ሊወስዱት ይችላሉ፤ አንዱ ዙር ግሎቢን ተወግዶለት ሌላው ካልተወገደለት ሌሎቹ ጂኖች ሁሉ የተለያዩ ይመስላሉ።

ሁለተኛው አስተሳሰብ የአማካሪዎ ነው፤ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ውጤቱ ጠንካራ ነው የሚለው። የፒሲኤ ሥዕል ናሙናዎች መለያየታቸውን እንጂ ለምን እንደተለያዩ አይናገርም። ፒ ቫልዩም ቢሆን የሚመልሰው «ይህ ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ ነው ወይ?» የሚለውን ብቻ ነው። የኪት ልዩነት አጋጣሚ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ናሙና ላይ በወጥነት ይደገማል፤ ስለዚህም ፒ ቫልዩውን እጅግ ያሳንሰዋል። የቤንጃሚኒና ሆክበርግ እርማትም ብዙ ጂን በመፈተሽ የሚመጣውን ሐሰተኛ ግኝት እንጂ የንድፍ ስህተትን አያርምም። እንዲያውም እንደ እኔ ልምድ፣ የሰው ደም በመሰለ ከሰው ሰው በእጅጉ በሚለያይ ናሙና ላይ፣ ከ24 ሰው ብቻ 7,000 ጂን ሲገኝና ቡድኖቹ አንድ ነጥብ እንኳ ሳይደባለቅ ሲለያዩ፣ መጀመሪያ የሚመረመረው የሥራው ዙር ነው።

በዚህ ስህተት የወደቁት ተማሪዎች ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2007 በአንድ ታላቅ የዘረ መል መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በአውሮፓ ዝርያ ሰዎችና በእስያ ሰዎች የሕዋስ መስመሮች መካከል ከተመረመሩት ጂኖች ሩብ ያህሉ በተለያየ መጠን ይሠራሉ ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች ዳታውን ሲፈትሹ የአውሮፓውያኑ ናሙናዎች በአብዛኛው በ2003 እና በ2004፣ የእስያውያኑ ደግሞ በ2005 እና በ2006 እንደተሠሩ አገኙ፤ የሕዝቡ ልዩነትና የዓመቱ ልዩነት ሊነጣጠል አልቻለም። በ2010 ደግሞ ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ሥራ፣ 100 ዓመትና ከዚያ በላይ የኖሩ ከ1,000 በላይ ሰዎችን መርምሮ በ150 የዘረ መል ምልክቶች ረጅም ዕድሜን በ77 በመቶ ትክክለኛነት መተንበይ ይቻላል አለ። ይሁንና ለአዛውንቱና ለማነጻጸሪያው ቡድን የተጠቀሙባቸው ቺፖች በተመሳሳይ ድርሻ የተከፋፈሉ አልነበሩም፤ ከቺፖቹ አንዱም አንዳንድ ምልክቶችን በስህተት ያነብ ነበር። ጽሑፉ በ2011 ተሰረዘ። እነዚህን ያነሳሁት ገምጋሚዎ የሚፈሩት ነገር በንድፈ ሐሳብ የቀረ እንዳልሆነ እንዲታይዎ ነው።

ሦስተኛውን ጉዳይ ለብቻው የማነሳው ለእርስዎ ቀጥተኛ ጥቅም ስላለው ነው። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት የሰውንና የአይጥን የተለያዩ የሰውነት ክፍሎች አነጻጽሮ፣ የሰው ልብ ከአይጥ ልብ ይልቅ ከሰው ጉበት ጋር ይቀራረባል የሚያሰኝ ያልተጠበቀ ውጤት አቀረበ። በ2015 ሁለት ተመራማሪዎች ግን የአብዛኛው የሰውና የአይጥ ናሙና ለየብቻው በተለያየ ዙር እንደተነበበ አሳዩ፤ ዙሩን ሲያስተካክሉ ልብ ከልብ፣ ጉበት ከጉበት ጋር ሄደ። እዚያ መስተካከሉ የተቻለው ሁለቱም ዝርያዎች አብረው የተነበቡበት ዙር ስለነበረ ነው፤ እርስዎ ይህ የለዎትም። ዙሩን ያወቁት ደግሞ ከራሱ ከፋይሉ ነው። በኢሉሚና ማሽን የተነበበ የፋስትኪው ፋይል (ጥሬው የንባብ ፋይል) የእያንዳንዱ ሪድ የመጀመሪያ መስመር ላይ የማሽኑ መለያ፣ የንባቡ ቁጥር፣ የፍሎው ሴሉ (ናሙናው የሚነበብበት ሰሌዳ) መለያና የሌኑ (በሰሌዳው ላይ ያለው መስመር) ቁጥር በሁለት ነጥብ (:) ተለያይተው ተጽፈዋል። የ24ቱንም ፋይሎች የመጀመሪያ መስመር አውጥተው በሠንጠረዥ ያስፍሩ። ቤተ ሙከራው «ሁሉም በአንድ ማሽን ነው የተነበበው» ቢልዎትም ይህ መስመር እውነቱን ይነግርዎታል፤ ከተነገርዎት ሁለት ዙር በላይ ተጨማሪ ንዑስ ዙር ሊኖርም ይችላል።

አንዳንድ ባልደረቦች ምናልባት ሌላ መንገድ ያመለክቱዎታል፤ በሕመሙ የማይለወጡ የሚባሉ ጂኖችን መነሻ አድርጎ የዙሩን ተጽእኖ ገምቶ መቀነስ። አርዩቪ የተባለው የዘዴዎች ቤተሰብ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ጥሩ ንድፍ ባለው ጥናት ውስጥም ጠቃሚ ነው። በእርስዎ ሁኔታ ግን አልመክረውም። ዘዴው ኪቱ እነዚህን የተመረጡ ጂኖች የነካበት መንገድ ሌሎቹን ከነካበት ጋር አንድ ነው ብሎ ይነሳል፤ ይህን ለማረጋገጥ ደግሞ በሁለቱም ኪት የተሠራ ናሙና ያስፈልጋል። ማረጋገጫው በእጅ ቢኖር ኖሮ ችግሩም ባልኖረ ነበር። የዙሩ መደበላለቅ ከፊል በሆነበት ጊዜ እንኳ፣ ለምሳሌ 12ቱ ሕሙማን ለሁለቱ ዙሮች 9 እና 3 ሆነው ቢከፈሉ፣ ዳታውን በኮምባት አጽድቶ ከዚያ ንጹሕ እንደሆነ ቆጥሮ መተንተን ፒ ቫልዩዎቹን ከሚገባው በላይ እንደሚያሳንስ በ2016 የታተመ የስታቲስቲክስ ሥራ አሳይቷል። በዚያ ሁኔታ ዙሩን በዋናው ሞዴል ውስጥ አስገብቶ ያልጸዳውን ካውንት (ለእያንዳንዱ ጂን የተቆጠረውን የሪድ ብዛት) መተንተን ይሻላል።

ዙሩ ባይኖር ኖሮ ንጽጽሩ ንጹሕ ይሆን ነበር ብለው እንዳያስቡ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለአገራችን ጥናት ይህ ከባድ ጉዳይ ነውና። በ2010 ኔቸር ላይ የወጣው የታወቀው የቲቢ ደም ጥናት፣ ንቁ ቲቢ ባላቸው ሰዎች የኢንተርፌሮን (ሰውነት ኢንፌክሽንን ለመከላከል የሚያመነጨው ፕሮቲን) ጂኖች ሥራቸው እንደሚጨምርና ይህም በአብዛኛው ኒውትሮፊል ከተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት እንደሚመጣ አሳይቷል። በንቁ ቲቢ ጊዜ በደም ውስጥ ያለው የሕዋሳት ድርሻ ራሱ ይለወጣል፤ ኒውትሮፊል ይጨምራል፣ ሊምፎሳይት ይቀንሳል። ስለዚህ ከሙሉ ደም የሚገኘው «የቀነሰ ጂን» በሕዋሱ ውስጥ ሥራውን የቀነሰ ላይሆን ይችላል፤ ሕዋሱ ራሱ ቁጥሩ ቀንሶ ይሆናል። የሙሉ ደም ቆጠራ ውጤት በእጅዎ ካለ በትንታኔው ውስጥ የግድ ይግባ፤ ናሙናው ሲወሰድ ካልተሠራ በኋላ መልሶ ማግኘት አይቻልም፤ የሕዋስ ድርሻን ከጂን መጠን የሚገምቱ ፕሮግራሞች አሉ፤ ግምታቸው ግን የቆጠራ ምትክ አይሆንም። «ጤነኛ» የተባሉትስ እነማን ናቸው? በኢትዮጵያ ውስጥ ድብቅ የቲቢ ኢንፌክሽን በጤነኛ ሰው ዘንድ ብዙ ነው፤ የሆድ ትላትልና ኤች አይ ቪም የደምን የጂን ገጽታ ይለውጣሉ። የኢንተርፌሮን ምልክቱ ራሱ በጉንፋንና በሌሎች የቫይረስ ሕመሞች ጊዜም ስለሚታይ፣ ጤነኛው ሰው ደም በሰጠበት ሳምንት ጉንፋን ይዞት እንደነበር ማወቅ ዋጋ አለው። እነዚህ መረጃዎች በመጠይቁ ውስጥ ካሉ ያውጧቸው።

አሁን ምን ማድረግ ይቻላል ወደሚለው ልምጣ። ተጨማሪ ገንዘብ ሳያወጡ ዛሬ ሊሠራ የሚችለው በሕሙማኑ መካከል ብቻ የሚደረግ ትንታኔ ነው። 12ቱም ሕሙማን በአንድ ኪትና በአንድ ዙር ስለተሠሩ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከኪት ለውጥ ነጻ ነው። የጂን ኤክስፐርት ምርመራ የሲቲ ዋጋ (ሲያንስ ባክቴሪያው መብዛቱን የሚያሳይ ቁጥር)፣ የአክታ ስሚር ደረጃ ወይም በራጅ የታየው የሳንባ ጉዳት ስፋት ካለዎት፣ የባክቴሪያው መጠን ከኢንተርፌሮን ጂኖች ጋር አብሮ ይሄድ እንደሆነ መጠየቅ ይችላሉ። ገደቡን ግን ይወቁት። በ12 ሰው የአንድ ነጠላ ዝምድና ፒ ቫልዩ ከ0.05 እንዲያንስ የኮሪሌሽን ዋጋው ቢያንስ 0.58 ያህል መሆን አለበት፤ ሺህ ጂኖችን አንድ በአንድ ከፈተሹ ደግሞ ከእርማት በኋላ ምንም ላይቀር ይችላል። ስለዚህ ጂን በጂን አይሂዱ፤ አስቀድመው ከታተሙ ጥናቶች አንድ የኢንተርፌሮን ጂኖች ስብስብ ይምረጡ፣ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አንድ ነጥብ ያስሉ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይፈትሹ። ምርጫውን ዳታውን ከማየትዎ በፊት በጽሑፍ ያስቀምጡት።

ሁለተኛውና ለእርስዎ ከሁሉ የሚስማማው በትርፉ አር ኤን ኤ ላይ የሚሠራ ኪው ፒ ሲ አር (የተመረጡ ጥቂት ጂኖችን መጠን የሚለካ ዘዴ) ነው። በ2016 ከብዙ አገሮች ዳታ የተለየ ባለ 3 ጂን የቲቢ ምልክት አለ፤ ጂቢፒ5 እና ዱስፕ3 በንቁ ቲቢ ይጨምራሉ፣ ኬኤልኤፍ2 ይቀንሳል። እነዚህን ሦስቱን ከሁለት ማጣቀሻ ጂኖች (መጠናቸው በሕመሙ የማይለወጥ) ጋር በ24ቱም ናሙናዎች ላይ ይለኩ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የ24ቱንም ሲ ዲ ኤን ኤ (ከአር ኤን ኤው የሚሠራ የዲ ኤን ኤ ቅጂ) በአንድ ቀን፣ በአንድ ሪኤጀንት፣ የሕሙማንና የጤነኞች ቱቦ ተሰባጥሮ ያዘጋጁ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጂን አንድ ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ይመድቡ፤ 24 ናሙና በሦስት ድግግሞሽ 72 ጉድጓድ ይይዛል፣ የቀረው ለኔጌቲቭ መቆጣጠሪያዎች ይበቃል። ሁሉም ናሙና ለአንድ ጂን በአንድ ሳህን ላይ ስለሚለካ የሳህን ልዩነት ሕሙማኑን ከጤነኞቹ አይለያቸውም። በአምስት ሳህን የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ኪው ፒ ሲ አር ማሽን ያለው ቤተ ሙከራ አገር ውስጥ ማግኘት ይቻላል፤ ናሙናውንም እንደገና ወደ ውጭ መላክ አያስፈልግም። ይህ አዲስ ጂን አያገኝልዎትም፤ ነገር ግን በሌሎች አገሮች የታየ ምልክት በእርስዎ ሕሙማን ላይ መታየት አለመታየቱን በንጹሕ ንጽጽር ይመልሳል፤ ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ሥራ ይህ በቂ ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኪው ፒ ሲ አር የሚያድነው ስህተቱ ላይብረሪ በሚዘጋጅበት ደረጃ ላይ ከሆነ ብቻ ነው። የሕሙማኑ ደም በተራ የኢዲቲኤ ቱቦ ተወስዶ ለሰዓታት ከቆየ፣ የጤነኞቹ ደግሞ አር ኤን ኤን በሚጠብቅ ቱቦ ከተወሰደ፣ ልዩነቱ ከደም መውሰጃው ወንበር ጀምሯል ማለት ነው፤ በቱቦው ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ከሰውነት ከወጡ በኋላም ጂኖቻቸውን ይለውጣሉና። አር ኤን ኤው በተለያየ ወር፣ በተለያየ ባለሙያ የወጣ ከሆነም እንደዚሁ። የእያንዳንዱን ናሙና የደም መውሰጃ ቀንና ሰዓት፣ የቱቦ ዓይነት፣ አር ኤን ኤው የወጣበት ቀንና የሪን ዋጋ (አር ኤን ኤው ምን ያህል ሳይሰባበር እንደቆየ ከ1 እስከ 10 የሚያሳይ ቁጥር) በአንድ ሠንጠረዥ አድርገው ሁለቱን ቡድኖች ጎን ለጎን ያነጻጽሩ። የሕሙማኑ ሪን በሙሉ 6 አካባቢ፣ የጤነኞቹ በሙሉ 9 አካባቢ ከሆነ በዚህ ናሙና የሚደረግ ማንኛውም የሁለቱ ቡድኖች ንጽጽር ይቅር፤ በሕሙማኑ መካከል በሚደረገው ትንታኔ ብቻ ይቆዩ።

ሦስተኛው እንደገና ማስነበብ ነው። ገንዘብ ካለ ሁሉንም 24 በአንድ ኪት፣ በአንድ ዙር፣ በዕጣ በተደለደለ ቅደም ተከተል ማስነበብ ጥሩው መፍትሔ ነው። ገንዘቡ ለግማሹ ብቻ ከበቃ 6 ሕሙማንና 6 ጤነኞች መርጠው በአንድነት ያሠሩ፤ ሕሙማኑን ብቻ በአዲሱ ኪት አሠርቶ ከቀድሞዎቹ ጤነኞች ጋር ማወዳደር ግን የኪቱን ችግር ፈትቶ የጊዜውን ያስቀራል። በ2016 በእርሾ ላይ በ48 ድግግሞሽ የተሠራ ጥናት ለእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ 6 ናሙና መክሯል፤ ያ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ያደገ እርሾ ነው፤ ሰው ከሰው ይበልጥ ስለሚለያይ 6 በ6 ትልልቆቹን ልዩነቶች ብቻ ያሳያል። ናሙና ዳግመኛ ወደ ውጭ ለመላክ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነቱና የሥነ ምግባር ፈቃዱ ሁለተኛውን ጉዞ የሚሸፍን መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ይህ ሂደት ከትንታኔው የበለጠ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል የመመረቂያ ቀንዎን ያስቡ።

ስለ ላፕቶፑ ብዙ አይጨነቁ። ሪዶችን ከጂኖም ጋር የሚያዛምደው ስታር የተባለው ፕሮግራም ለሰው ጂኖም 30 ጊጋባይት ያህል ሜሞሪ ስለሚፈልግ በእርስዎ ማሽን አይሠራም፤ ቀለል ያሉት ሳልሞን ወይም ካሊስቶ ግን በትራንስክሪፕቶም (የአር ኤን ኤ ቅጂዎች ዝርዝር) ኢንዴክስ ብቻ ከተጠቀሙባቸው ይሠራሉ። ጋላክሲ የተባለውም ነጻ የመስመር ላይ አገልግሎት አለ፤ ወደዚያ ከመጫንዎ በፊት ግን የአር ኤን ኤ ሪድ የሰውየውን የዘረ መል ምልክቶች እንደያዘ ያስታውሱና የፈቃድ ቅጹ ይህን የሚፈቅድ መሆኑን ይዩ። ፋይሎቹን ሲያወርዱ የኤምዲ5 ቁጥራቸውን (ፋይሉ ሙሉ መሆኑን የሚያረጋግጥ መለያ) ቤተ ሙከራው ከሰጠው ጋር ያመሳክሩ፤ ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ግማሹ የወረደ ፋይል ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሊተነተን ይችላልና። መብራት ሲጠፋ ከመጀመሪያው እንዳይጀምሩም ሥራውን ደረጃ በደረጃ በሚያስኬዱት በስኔክሜክ ወይም በኔክስትፍሎው ፕሮግራም ያዋቅሩት፤ ካቆመበት ይቀጥላል። የጂን ዝርዝር በኤክሴል ሲከፍቱ ደግሞ ዓምዱን አስቀድመው ጽሑፍ ያድርጉት። ኤክሴል እንደ ማርች1 እና ሴፕት1 ያሉ የጂን ስሞችን ወደ ቀን ይቀይራል፤ ችግሩ ከመስፋቱ የተነሳ የሰው ጂን ስያሜ ኮሚቴ በ2020 የእነዚህን ጂኖች ስም ለመለወጥ ተገዷል።

አንድ የማይታለፍ ፍተሻም አለ፤ የናሙና መለዋወጥ። ዢስት የተባለው ጂን በሴቶች፣ አርፒኤስ4ዋይ1 ደግሞ በወንዶች ይታያል። የ24ቱንም ሰዎች ጾታ ከመዝገቡ ጋር በእነዚህ ያመሳክሩ። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ አንድ እንኳ የማይጣጣም ከተገኘ የቱቦዎቹ ቁጥር ከመነሻው ጀምሮ እንደገና ይመርመር።

ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው። የ7,000 ጂኖቹን ዝርዝር እንደ ግኝት አያቅርቡ፣ በየትኛውም ፕሮግራም «አጽድተውም» አያቅርቡ፤ የመመረቂያ ጽሑፉን በሕሙማኑ መካከል በሚደረገው ትንታኔና በኪው ፒ ሲ አር ላይ ያቁሙት። የዙሩን ታሪክም በአሠራር ምዕራፉ ውስጥ በግልጽ ይጻፉ፤ የፒሲኤ ሥዕሉንም ያሳዩ፤ ቀጥሎ ያንን ዳታ የሚወስድ ሰው ሳያውቅ እንዳይሳሳት። ለአማካሪዎ ሲያስረዱ የሚዛኑን ምሳሌ ይዘው ቢገቡ ከሞዴሉ ሒሳብ ይልቅ ይቀልዎታል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዛሬ ለቤተ ሙከራው ደብዳቤ ይጻፉ። የሁለቱ ኪቶች ስም ምን እንደሆነ፣ የትኛው ፖሊ ኤ የሚይዝ የትኛው ራይቦሶማል የሚያስወግድ እንደሆነ፣ ግሎቢን ተወግዶ እንደነበር፣ የእያንዳንዱ ናሙና ሪን ስንት እንደሆነ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከእያንዳንዱ ናሙና ስንት ማይክሮ ሊትር አር ኤን ኤ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ባለው ፍሪዘራቸው እንደቀረ ይጠይቁ። ጠቅላላው አር ኤን ኤ ተልኮ እርስዎ ጋ ምንም ካልቀረ፣ የኪው ፒ ሲ አሩ ዕቅድ የሚቆመው በዚያ ፍሪዘር ውስጥ ባለው ትርፍ ላይ ነው፤ ቤተ ሙከራዎች ደግሞ ውጤቱን ካስረከቡ በኋላ ትርፍ ናሙናን የሚያቆዩት ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። እንዳይጥሉት በጽሑፍ ይጠይቁ፣ የመለሱልዎትንም በጽሑፍ ያስቀምጡ።